ደቅስዮስ የማን ነው? በነገረ ማርያም ክርክራችን ላይ የቀረበ ሂስ

በስደት በምንኖርባቸው ከተሞች፣ በተለይም እኛ ባለንበት በዳላስና በፎርት ወርዝ አካባቢ፣ የነገረ ማርያም ክርክር በተነሣ ቁጥር ከሁሉ አስቀድሞ የሚመዘዝ አንድ ቃል አለ፤ እርሱም «ይህ የካቶሊክ ትምህርት ነው» የሚለው ነው። እመቤታችን ከጥንተ አብሶ ነጻ ናት የሚለውን ወገን ተቃዋሚው ከሮም ተቀዳህ ይለዋል፤ ተቃዋሚውን ደግሞ ያኛው ወገን ከሉተር ተቀዳህ ይለዋል። በጋርላንድም ሆነ በሌላው ሰፈር ከቅዳሴ በኋላ ቡና እየተጠጣ የሚጀመረው ይህ ንትርክ አንዳንድ ጊዜ ቤተ ዘመድን እስከ ማኳረፍ፣ ማኅበረ ምእመናንንም ለሁለት እስከ መክፈል ይደርሳል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የማንኛውንም ወገን ጠበቃነት አልያዝንም። ዓላማችን ከሁለቱም ወገን ሲነገር የምንሰማውን ማስረጃ በታሪክና በመጻሕፍት ሚዛን ላይ ማኖር ነው፤ ይኸውም በኢትዮጵያ የማርያም ትምህርትና ሥነ ጽሑፍ ውስጥ በእርግጥ ከላቲኖች የመጣው የትኛው ነው? ያልመጣውስ የትኛው ነው? ብለን ለመጠየቅ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

ከማያጠራጥረው እንጀምር። ተአምረ ማርያም ሲነበብ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን የለም ማለት ይቻላል። በብዙው ቅጂ የመጀመሪያውን ስፍራ የያዘው ታሪክ የኤጲስ ቆጶሱ የደቅስዮስ ታሪክ ነው። ደቅስዮስ የእመቤታችንን ተአምር የሚናገር መጽሐፍ ሰበሰበ፤ የብሥራት በዓል መጋቢት 29 ቀን በጾም ውስጥ ስለሚውል በታኅሣሥ 22 ቀን በደስታ እንዲከበር ሥርዐት ሠራ፤ ስለዚህም እመቤታችን ተገልጣ ልብስና ወንበር ሰጠችው፤ ከእርሱ በኋላ የተሾመውና በማይገባው ወንበር በድፍረት የተቀመጠው ኤጲስ ቆጶስ ግን ተቀሠፈ። ይህን ከሕፃንነታችን ጀምሮ የምናውቀውን ሰው አብዛኛዎቻችን የእስክንድርያ ወይም የሶርያ ሰው አድርገን እንገምተዋለን። ነገር ግን ደቅስዮስ ማለት ከ657 እስከ 667 በስፔን የቶሌዶ ሊቀ ጳጳስ የነበረው፣ ስለ እመቤታችን ዘለዓለማዊ ድንግልና በላቲን የጻፈው ኢልዴፎንሶ ነው። የስሙ አጠራር በዐረብኛ አልፎ ወደ ግእዝ ሲገባ ተለወጠ እንጂ ሰውዬው ያው ነው። ልብሱም፣ ወንበሩም፣ የተቀሠፈው ተተኪም በላቲኑ ታሪክ ውስጥ አሉ።

ከስሙ ይልቅ የሚያስደንቀው ቀኑ ነው። በ656 የተሰበሰበው ዐሥረኛው የቶሌዶ ጉባኤ የብሥራት በዓል በዐቢይ ጾም ውስጥ እየዋለ በተገቢው ደስታ ሳይከበር ስለሚቀር ከልደት ስምንት ቀን አስቀድሞ፣ ማለትም በታኅሣሥ ወር በ18ኛው ቀን በዲሴምበር እንዲከበር ወሰነ። በዚያን ጊዜ የሚሠራበት የዩልዮስ አቆጣጠር ነበርና ያን ዕለት ወደ ኢትዮጵያ ቀን ብንመልሰው በትክክል ታኅሣሥ 22 ይወጣል፤ አንድ ቀን እንኳ አይዛነፍም። እንግዲህ በዳላስ ከተማ የሚኖር ኦርቶዶክሳዊ ወንድማችን በታኅሣሥ 22 ቀን ጠዋት ተነሥቶ የእመቤታችንን ብሥራት ሲያከብር፣ በሰባተኛው መቶ ዓመት በስፔን ሀገር የተሰበሰቡ የላቲን ጳጳሳት የወሰኑትን ቀን ሳያጎድል ይጠብቃል ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ ከካቶሊኩ ጎረቤቱ ጋር ሲከራከር ግን ይህ ነገር በሐሳቡ ጫፍ አይደርስም።

ይህ መንገድ እንዴት እንደ ተሠራ ያሳየን የኢጣልያው ሊቅ ኤንሪኮ ቼሩሊ ነው። በ1943 በሮም ባሳተመው ስለ ተአምረ ማርያም ምንጮች በሚናገረው ትልቅ መጽሐፉ፣ የተአምራቱ ስብስብ ከምዕራብ አውሮፓ፣ በተለይም ከፈረንሳይ ምድር ተነሥቶ፣ የመስቀል ጦረኞች በያዙት የምሥራቅ ሀገር አልፎ፣ ወደ ዐረብኛ ተመልሶ፣ ከዚያም በ14ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜና በ15ኛው መጀመሪያ በነገሡት በዐፄ ዳዊት ዘመን ወደ ግእዝ እንደ ገባ አስረድቷል። ቼሩሊ በፋሺስት ወረራ ዘመን በሀገራችን ከፍተኛ ሹም የነበረ ሰው ነውና ስሙን ስንጠራ አፋችን ላይ ይመርራል፤ ቢሆንም ሥራው ሥራ ነው። ጉድለቱ ሌላ ነው። ቼሩሊ የታሪኮቹን እናት ሲፈልግ የልጆቹን መልክ ማየት አልተቻለውም። ግብፃውያን በዐረብኛው ላይ የጨመሩት፣ ኢትዮጵያውያንም በግእዙ ላይ በየዘመኑ የጨመሩት የታሪክ ብዛት ከላቲኑ ዘር እጅግ ስለሚበልጥ፣ ተአምረ ማርያምን የአውሮፓ ቅጂ ብሎ መጥራት ዛፉን በፍሬው ሳይሆን በዘሩ ብቻ መመዘን ይሆናል። በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ በቅርብ ዓመታት የኢትዮጵያ፣ የኤርትራና የግብፅ ተአምራተ ማርያም በሚል የተቋቋመው የጥናት ሥራ ይህንኑ የአገር ውስጥ እድገት ታሪክ በታሪክ እየመዘገበ ይገኛል። ከቼሩሊ በፊት በ1922 እና በ1923 የግእዙን ተአምራት በእንግሊዝኛ ያስነበበው ዋሊስ በጅ ግን ሥራውን ለተረት ወዳድ አንባቢ ያዘጋጀ በመሆኑ እዚህ ላይ ብዙ አያቆየንም። ከተጠቀመባቸው ብራናዎች መካከል ሌዲ ሚዩ የተባለችው ባለጸጋ እንግሊዛዊት ለዐፄ ምኒልክ እንዲመለሱ የተናዘዘችባቸው እንደ ነበሩበት፣ ኑዛዜዋም በፍርድ ቤት እንደ ፈረሰ መጥቀስ ብቻ ይበቃል።

ከመጽሐፍ ወደ ሥዕል ብንሻገር ያው ነው። የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በሮም ከሚገኘው ከሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል የታተመ ቅጂ ይዘው መጡ። እመቤታችን ሁለት እጆቿን አመሳቅላ ሕፃኑን በግራ ክንዷ የያዘችበት ሥዕል ነው። ዐፄ ፋሲለደስ በ1632 የአባቶቻቸውን ሃይማኖት መልሰው ሚሲዮናውያኑን አባረሩ፤ ሥዕሉ ግን አልተባረረም። እንዲያውም ከዚያ ወዲህ በጎንደርና በጎጃም፣ በትግራይና በሸዋ አብያተ ክርስቲያናት እርሱን የመሰለ ሥዕለ ማርያም እየበዛ ሄዶ ዛሬ «የጥንቱ የኢትዮጵያ ሥዕል» ስንል በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው እርሱ ሆኗል። ሥዕል ካደገበት አገር ሰው መምሰሉ የእኛ ብቻ አይደለም። በዳላስ መካከል በቀይ ሸክላ የተሠራውና በ1902 የተከፈተው የካቶሊኮች ካቴድራል በመጀመሪያ የቅዱስ ልብ ካቴድራል ይባል ነበር፤ በ1977 ግን የጓዳሉፔ እመቤት ካቴድራል ተባለ። በ1531 ለሜክሲኮው ተወላጅ ለሁዋን ዲዬጎ ታየች የምትባለው ማርያም፣ ቀለሟም ልብሷም የዚያ ሕዝብ ሆኖ፣ በስደተኞች ልጆች ትከሻ ወደ ቴክሳስ ገባች። እኛ ሀገራችን ሳለን ያደረግነውን ሜክሲኮዎች እዚህ ሲያደርጉት በማየታችን ብቻ ልንማር የምንችለው ብዙ ነገር አለ፤ የሚጠይቃቸው ግን ከእኛ መካከል ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ እምብርት እንግባ። የሮማው ፓፓ ፒዮስ ዘጠነኛ በ1854 ዲሴምበር 8 ቀን ያወጁት የእምነት ድንጋጌ፣ ማርያም በተፀነሰችበት በመጀመሪያዋ ቅጽበት፣ ልጇ ሊሠራው ስላለው ቤዛነት ሲባል፣ በልዩ የእግዚአብሔር ጸጋ ከጥንተ አብሶ ተጠብቃለች የሚል ነው። ይህ ድንጋጌ በላቲኖች ዘንድ እንኳ ያለ ጠብ አልተወለደም። በ12ኛው መቶ ዓመት በርናርዶስ ዘክሌርቮ የሊዮን ካህናት የፅንሰቷን በዓል በማክበራቸው ገሥጿቸዋል፤ ቶማስ አኲናስም፣ ከቶ ኃጢአት ያላገኛት ከሆነች ክርስቶስ የሁሉ አዳኝ መባሉ ምን ሊሆን ነው ብሎ አልተቀበለውም። ለዚህ መልስ የሰጠው በ1308 ያረፈው የፍራንቸስካውያን ሊቅ ዱንስ ስኮቱስ ነው፤ ጭቃ ውስጥ ከወደቀ በኋላ ማውጣት ማዳን ከሆነ፣ እንዳይወድቅ አስቀድሞ መያዝ የበለጠ ማዳን ነው ሲል። በከተማችን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ ካየናቸው የተቃውሞ ጽሑፎች አብዛኞቹ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ቁጥር 47 እመቤታችን አምላክን መድኃኒቷ ብላ መጥራቷን ጠቅሰው የሚያነሡት ጥያቄ ይኸው የአኲናስ ጥያቄ ነው። የተቃውሞው ጸሐፊዎች ካቶሊክን እየነቀፉ የካቶሊኮችን ትልቅ ሊቅ ክርክር እንደሚደግሙ አላወቁም። ተከላካዮቹም በበኩላቸው ለጥያቄው ከሁሉ የተሻለው መልስ የስኮቱስ እንደ ሆነ አላወቁም፤ ወይም ቢያውቁ ስሙን አይጠሩም።

ታዲያ የኢትዮጵያው ትምህርት ከ1854ቱ ድንጋጌ የተቀዳ ነውን? በእኛ አስተያየት አይደለም፤ ምክንያታችንም የትምህርቱ አጥንት ሌላ መሆኑ ነው። በክብረ ነገሥት የሚገኘውና በነገረ ማርያም ትረካ የሚሰፋው የዕንቁው ታሪክ፣ አንዲት ንጽሕት ዕንቁ በአዳም አብራክ ተቀምጣ፣ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈች፣ በኃጢአተኞች ወገብ ውስጥ ሳትቆሽሽ አልፋ እስከ ሐና እንደ ደረሰች ይናገራል። የጴጥሪቃና የቴክታም ሕልም፣ ነጭ ጥጃ ነጭ ጥጃን እየወለደች በመጨረሻ ጨረቃ፣ ከጨረቃም ፀሐይ መውጣቱ፣ ያንኑ ሐሳብ በከብት ጠባቂ ሕዝብ ቋንቋ የሚናገር ነው። እዚህ ላይ ንጽሕና የዘር ሐረግ ነው፤ ከአዳም ጀምሮ የተጠበቀ አደራ ነው። በላቲኑ ትምህርት ግን ኢያቄምና ሐና እንደ ማንኛውም ሰው ናቸው፤ ሁሉ ነገር የሚጀምረው በማርያም ነፍስ መፈጠር ቅጽበት ነው፤ ከእርሷ በፊት የነበሩት አባቶች በጉዳዩ ውስጥ ስፍራ የላቸውም። አንዱ የአውግስጢኖስን የጸጋ ትምህርት ይዞ በሕግ ሊቅ ቋንቋ ይናገራል፤ ሌላው የቃል ኪዳንን ታሪክ ይዞ በትረካ ይናገራል። ከሮም የተቀዳ ቢሆን ኖሮ ዕንቁዋ ባላስፈለገች ነበር።

የበዓሉም ቀን ይመሰክራል። ሮማውያን ልደቷን በሴፕቴምበር 8፣ ፅንሰቷን በዲሴምበር 8 ያከብራሉ። እኛ ግን ፅንሰቷን ነሐሴ 7፣ ልደቷን ግንቦት 1 እናከብራለን። የግብፅም ስንክሳር ለኢያቄም የተበሠረበትን ቀንና ልደቷን በነዚሁ ዕለታት ያኖራል። ስለዚህ የደቅስዮስ በዓል ከቶሌዶ እንደ መጣ ሁሉ የፅንሰታ በዓል ከእስክንድርያ የመጣ ነው፤ ሮም በዚህ ውስጥ እጅ የላትም።

እዚህ ላይ ተቃዋሚዎቹ አንድ ከባድ ነጥብ ያነሣሉ፤ ልናልፈውም አይገባም። የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን በዘመናችን፣ በተለይም ከ1971 እስከ 2012 በመንበሩ የነበሩት ፓትርያርክ ሺኖዳ ሣልሳዊ፣ የካቶሊኮችን የፅንሰት ድንጋጌ በግልጽ ነቅፈዋል። እንግዲህ እናት ያልነበራትን ልጅ ከየት አመጣችው? ከሮም ካልሆነ በቀር ከየት? ይላሉ። የዚህ ክርክር ስሕተት የኢትዮጵያን ሊቃውንት ከሁለት ምንጭ በአንዱ እንዲጠጡ ማስገደዱ ነው። ከእስክንድርያ ያልመጣ ሁሉ ከሮም መጣ የሚለው አነጋገር፣ በሦስተኛ ደረጃ አገር ቤት የሚያስብ አእምሮ መኖሩን ይክዳል። ቅዱስ ያሬድን፣ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫን፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን ያፈራ ሕዝብ የተሰጠውን ምሳሌ አንሥቶ እስከ መጨረሻው ማድረስ እንደማይችል አድርጎ ማሰብ፣ ተናጋሪዎቹ ሳያውቁት፣ የቼሩሊን አስተሳሰብ መውረስ ነው። ከዚህም ጋር መታወቅ ያለበት ሌላ ነገር፣ በሀገራችን ሰውን «ሮማዊ» ብሎ መክሰስ ከ1632 ወዲህ የቆየ የክርክር መሣሪያ መሆኑ ነው። የቅባት፣ የጸጋና የተዋሕዶ ሊቃውንት እስከ 1878ቱ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ድረስ እርስ በርሳቸው ሲነታረኩ ይህን መሣሪያ ተጠቅመውበታል።

ስለ ፍልሰታ ብዙ አንልም። ፓፓ ፒዮስ ዐሥራ ሁለተኛ በ1950 ኖቬምበር 1 ቀን የማርያምን በሥጋ ወደ ሰማይ መነሣት ሲያውጁ ሞታ ነበር ወይስ አልሞተችም የሚለውን ሆን ብለው ክፍት ትተውታል። በእኛ ዘንድ ግን ጥር 21 ቀን በ64 ዓመቷ ማረፏ፣ ነሐሴ 16 ቀንም መነሣቷ ያለ አንዳች ማመንታት ይነገራል። በዳላስ ኦገስት 15 ካቶሊኮቹ በዓሉን ሲያከብሩ የእኛ ሰው በዚያ እሳት በሚመስለው የቴክሳስ ሙቀት ገና በጾሙ መካከል ነው። ልዩነቱ የሰባት ቀን ብቻ ይመስላል፤ ሞትን በሚመለከት ያለው ልዩነት ግን ከዚያ ይሰፋል፤ የኛ ሰው እመቤቱን ቀብሯት አልቅሶላት ነው የሚነሣላት።

ከዚህ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ነገር ሥልጣን ነው። ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የማርያምን ሠላሳ ሦስት በዓላት አጽንተዋል፤ ተአምሯም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ አዝዘዋል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1992 ባሳተሙት መጽሐፍ የንጉሡን ነገረ ማርያም ከግእዝ ምንባቡና ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር አቅርበውልናል። መጽሐፉ የታተመው በሮም፣ በጳጳሳዊው የምሥራቅ ጥናት ተቋም መሆኑን ስናይ ፈገግ አልን፤ ያለዚያ ተቋም ማን ያትመው ነበር? ሥራው ምንባብና ትርጉም ነው እንጂ ንጽጽር አይደለም፤ ስለዚህም አንድ አስደናቂ መገጣጠም ለአንባቢው ራሱ ይተዋል። ዘርዐ ያዕቆብ በነገሡ በአምስተኛው ዓመት፣ በ1439፣ ከፓፓው የተለየው የባዝል ጉባኤ የማርያምን ፅንሰት ከጥንተ አብሶ ነጻ ብሎ ወስኖ ነበር፤ ሮምም አልተቀበለችውም። በአውሮፓ ጉባኤ ተሰብስቦ ሲከራከርበት በኢትዮጵያ ንጉሥ ብዕር ያነሣል። ሁለቱ አይተዋወቁም፤ አንዱ ካንዱ አልቀዳም። ልዩነቱ ግን በአውሮፓ እንቢ ያለው ወገን በክርክሩ ውስጥ አራት መቶ ዓመት መቆየቱ ነው፤ በእኛ ዘንድ እንቢ ያለው ወገን ተገረፈ፣ ተሰደደ፣ ተገደለ።

የምንናገረው ስለ ደቂቀ እስጢፋኖስ ነው። እነርሱ እመቤታችንን አላቃለሉም፤ ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው በማለታቸው ለሥዕሏና ለመስቀል አንሰግድም አሉ። ፕሮፌሰር ጌታቸው በ2004 «ደቂቀ እስጢፋኖስ፣ በሕግ አምላክ» ብለው በአማርኛ ያሳተሙትን ያነበበ ሰው የእነዚህን መነኮሳት መከራ አይረሳም። የላቲን ሊቃውንት በ13ኛው መቶ ዓመት ለአምላክ የሚገባውን አምልኮ፣ ለቅዱሳን የሚገባውን ክብርና ለማርያም የሚገባውን ከፍ ያለ ክብር በሦስት ቃላት ለይተው ነበር። ዛሬ መምህሮቻችን የአምልኮ ስግደትና የጸጋ ስግደት ብለው ይለያሉ። ይህ ልዩነት በንጉሡ ዐደባባይ ቀርቦ ቢሆን እነዚያ መነኮሳት በሕይወት በቆዩ ነበር ብለን ለማመን ግን ይቸግረናል፤ ንጉሡ የፈለጉት የቃል ማብራሪያ አልነበረምና፤ የፈለጉት አንድ መንግሥት በአንድ ስግደት እንዲታሰር ነበር።

በመጨረሻ ስለ «ቤዛዊተ ዓለም»። ይህ የእመቤታችን መጠሪያ ዛሬ በክርክሩ ውስጥ ከጥንተ አብሶ ቀጥሎ የሚያጋጭ ቃል ነው። ተቃዋሚው፣ ቤዛ አንድ ክርስቶስ ነው፤ ሌላ ቤዛ ማለት ማርያምን ተባባሪ ቤዛ ከሚሏት ካቶሊኮች የተገኘ ነው ይላል። እዚህ ላይ ጊዜው ተለውጧል። በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ፣ በ1963 ኦክቶበር 29 ቀን፣ ጳጳሳቱ ስለ ማርያም ለብቻው ሰነድ ከማውጣት ይልቅ ስለ ቤተ ክርስቲያን በሚናገረው ሰነድ ውስጥ እንዲካተት በ1114 ድምፅ በ1074 ላይ ወስነዋል፤ በአርባ ድምፅ ብቻ ማለት ነው። በ2025 ኖቬምበር 4 ቀን ደግሞ የቫቲካን የእምነት ትምህርት ጽሕፈት ቤት ተባባሪ ቤዛ የሚለው መጠሪያ የክርስቶስን ብቸኛ አዳኝነት ስለሚያደበዝዝ ሊሠራበት አይገባም ብሎ ጽፏል። እንግዲህ «ቤዛዊት» ካቶሊካዊ ቃል ነው ብሎ የሚከስ ሰው ካቶሊኮቹ የተውትን ነገር ለካቶሊኮች ሊያስታቅፍ ነው።

የግእዙ ቃል ደግሞ የላቲኑን ሸክም አልተሸከመም። በላቲኑ መጠሪያ ውስጥ «አብሮ» የሚል ፊደል አለ፤ ሁለት ሠራተኞችን በአንድ ሥራ ላይ ጎን ለጎን ያቆማል። በቤዛዊት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ሊቃውንቱ ሲያብራሩት ቤዛ የሆነውን የወለደች ማለት ነው ይላሉ። ሕዝቡም ቃሉን ከዚያ በፊት በቤቱ ያውቀዋል፤ እናት ለታመመ ልጇ «ቤዛ ልሁንህ» ትላለች፤ ሴት ልጁን ቤዛ ብሎ የሚጠራ አባትም ሞልቷል፤ ማንም መናፍቅ አላላቸውም። ይህ ማለት ግን በዐውደ ምሕረት የሚነገረው ሁሉ ደኅና ነው ማለት አይደለም። በአፍ የሚነገር የፍቅር ቃልና በጽሑፍ የሚደነገግ ትምህርት ሚዛናቸው ይለያያል፤ ያለ እርሷ አማላጅነት የክርስቶስ ሞት ለማንም አይበቃም እስከ ማለት የደረሰ ሰባኪ የሊቃውንቱን ማብራሪያ ጥሎ ሄዷል፤ ለዚያ ስብከቱም ከተአምረ ማርያምም ከነገረ ማርያምም ድጋፍ አያገኝም። ይህን የሚያርም መምህር ግን ተማሪዎቹን ወደ ሮምም ወደ ዊተንበርግም መስደድ አያስፈልገውም፤ የአንድምታውን መጻሕፍት ገልጦ በዚያው ቋንቋ ማስተማር ይችላል።